«አልበላም» ያለ ሕፃን ዐመፀኛ አይደለም

ቢስሚላሂር-ረሕማኒር-ረሒም



መስጂድ አካባቢ የምንውል ሰዎች ከመግሪብ በኋላ ደጋግመን የምንሰማት አንዲት ጥያቄ አለች። «ይህ ልጅ ምግብ እምቢ ብሎናል፤ ዐይን ነክቶት ይሆን? ሩቅያ ይቀራለት» የምትል ናት። አባቶች ልጃቸውን አቅፈው ይመጣሉ፤ እናቶች በስልክ ይጠይቃሉ። አብዛኞቹ የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚያሳድጉ ወጣቶች ናቸው። ልጁን ስናየው ይሮጣል፣ ይስቃል፣ የሰጋጁን ጫማ ሁሉ ያደባልቃል። «ምን ሰጥታችሁት ነው እምቢ ያለው?» ስንል ብዙ ጊዜ የሚመለስልን አንድ ነው፦ «ዶሮ ወጥ! ዶሮ ወጥ እምቢ የሚል ልጅ አለ እንዴ?»

አዎ አለ። በየቤቱ አለ።

ዐይን ሐቅ ነው፤ ሩቅያም ሱና ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። በልጃችሁ ላይ ፋቲሓንና ሙዐዊዘተይንን መቅራት የራሳችሁ የወላጆቹ ሥራ ነው፤ ሌላ ሰው ፍለጋ መውጣት አያስፈልግም። ነገር ግን የ3 ዓመት ልጅ በርበሬ የበዛበትን ወጥ ገፍቶ ዳቦ ሲጠይቅ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ድስቱ ነው፤ የጎረቤት ዐይን አይደለም። ድስቱን ሳያዩ ጎረቤትን መጠርጠር ሱኡ-ዞን ነው፤ ምንም ያላደረገች ሴት ስሟ ይነሳል፣ የሰፈር ዝምድና ይበላሻል። ምክንያቱ ግን አንድ ማንኪያ በርበሬ ነበር።

ዛሬ ልንናገር የፈለግነው ይህንን ነው። ልጅ የአላህን ስም በየቀኑ ደጋግሞ የሚሰማው ከመድረሳ በፊት ማዕድ ላይ ነው። «ቢስሚላህ» ብሎ ይጀምራል፣ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ይጨርሳል። ይህንን ቦታ የጩኸት፣ የዛቻና የእንባ ቦታ ካደረግነው ልጁ ከዶሮው ጋር ብዙ ነገር ይጠላል። ስለዚህ ለልጅ የሚሆን ቀላል እራት ማብሰልና ከዚያ በኋላ ልጁን አለማስገደድ ከተርቢያ የሚቆጠር ሥራ ነው።

ምግብ አለመውደድ ወንጀል አይደለም

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ምግብን ፈጽሞ አነውረው አያውቁም፤ ከወደዱት ይበሉታል፣ ካልወደዱት ይተዉታል። ብዙዎቻችን ይህንን ሐዲስ «ምግብ አይነወርም» ለማለት ብቻ እንጠቅሰዋለን። ሁለተኛውን ክፍል እንዘለዋለን። «ካልወደዱት ይተዉታል» የሚል አለበት እኮ! ከፍጡራን ሁሉ በላጩ ሰው ያልወደዱትን ምግብ ትተዋል።

በእናታችን በመይሙና (ረ.ዐ) ቤት የተጠበሰ ደብ፣ ማለትም የበረሃ እንሽላሊት፣ በቀረበ ጊዜ የሆነውን አስታውሱ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ምን እንደሆነ ሲነገራቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። ኻሊድ ኢብኑል-ወሊድ (ረ.ዐ) ሐራም እንደሆነ ጠየቃቸው። አይደለም፣ በወገኖቻቸው አገር ያልነበረ ስለሆነ ነፍሳቸው እንዳልፈለገችው ነገሩት። ኻሊድም ወደራሱ ስቦ በላው፤ እሳቸውም እያዩት ነበር። እሳቸው አልተገደዱም፤ ኻሊድም አልተከለከለም፤ ማዕዱም አልተበተነም።

አሁን ይህንን ወደ ቤታችን እናምጣው። ሕፃን ለዚህ ዓለም አዲስ ነው፤ ከጡትና ከገንፎ ሌላ ያለው አብዛኛው ምግብ «በወገኖቹ አገር ያልነበረ» ነው። ነፍሱ ባትፈልገው ምን ይገርማል? ልናስተምረው የሚገባን አለማነወርን ነው። «ኤጭ!» ብሎ ከመትፋት ይልቅ «ይህን አልፈለግኩም፣ አልሐምዱሊላህ» ማለትን እናስተምረው። ይህ አደብ ነው። «ሁሉንም ውደድ» ማለት ግን አደብ ማስተማር አይደለም፤ ምላሱን የፈጠረው አላህ ነው።

የአቡ ሙሳ ዶሮ

ስለ ዶሮ ራሱ ቡኻሪ ላይ የመጣ ታሪክ አለ። ታላቁ ሰሐባ አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) ጋ ዶሮ ያለበት ምግብ ቀረበ። ከተቀመጡት አንዱ ሰውዬ ግን አልቀረበም። አቡ ሙሳ ጠሩት፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዶሮ ሲበሉ ማየታቸውንም ነገሩት። ሰውየው ዶሮ የሆነ ነገር ስትበላ አይቶ እንደተጸየፋትና እንዳይበላት መማሉን ተናገረ። አቡ ሙሳ አልሳቁበትም፤ አልተቆጡትም። መሐላን በተመለከተ ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የሰሙትን በእርጋታ አስረዱት።

ይህ ሰው ትልቅ ሰው ነው። ትልቅ ሰው አንድ ጊዜ ባየው ነገር ዶሮ ከጠላ፣ ትናንት በግቢው ሲያባርራት የዋለችን ዶሮ ዛሬ ሰሃን ላይ ያገኘ የ4 ዓመት ልጅ ምን ይሰማው? በከተማም ቢሆን ለበዓል ዶሮ ገዝተን ሁለት ቀን ግቢ ውስጥ እናስራለን፤ ልጆች ስም ያወጡላታል፤ ከዚያ ፊታቸው ትታረዳለች። ማታ «ብላ!» እንላለን። ልጁ ዝም ብሎ ሰሃኑን ይገፋል፤ እኛ ደግሞ «ቀበጠ» እንላለን። ሸሪዓችን በእርድ ላይ እንኳ መልካም አሠራርን ያዛል፤ ቢላዋው እንዲሳል፣ እንስሳው እንዲያርፍ። ትንሽ ልጅን ከእርዱ ቦታ ዘወር ማድረግ ከዚሁ እዝነት የራቀ አይደለም።

ልጅ ለምን እምቢ ይላል?

የሕፃናት ሐኪሞችና የሥነ ምግብ ባለሙያዎች እንደሚሉት ከ2 ዓመት አካባቢ ጀምሮ ብዙ ልጆች አዲስ ምግብ መፍራት ይጀምራሉ፤ አብዛኞቹ ወደ ትምህርት ቤት ዕድሜ ሲደርሱ ይቀላቸዋል። አንድን አዲስ ምግብ ለመልመድ አንዳንድ ልጅ ከ8 እስከ 15 ጊዜ ያህል ማየትና መቅመስ ያስፈልገዋል። እኛ ግን በሦስተኛው ቀን «ይህ ልጅ ዶሮ አይወድም» ብለን ፋይሉን እንዘጋለን።

ሌላው ሰዓቱ ነው። ልጁ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ብስኩትና ጣፋጭ ጁስ ወስዷል፤ ማታ 1 ሰዓት ላይ እንዴት ይራበው? ያልራበው ልጅ ሲመርጥ «መራጭ» እንለዋለን። ከምግብ ጋር የምንሰጠው ሻይም ሆዱን ይሞላል፤ በተጨማሪም ሰውነት ከምግብ የሚያገኘውን የብረት ማዕድን ይቀንስበታል። ከእራት በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ከውኃ ሌላ ባንሰጠው ግማሹ ችግር ይቃለላል።

ነገሩ ቀላል አይደለም፤ በ2019 (እ.ኤ.አ) በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶዎቹ ለዕድሜያቸው ከሚገባው ቁመት በታች ነበሩ። ዶሮና እንቁላል ለሚያድግ ልጅ ጥሩ ምግብ ናቸው። ስለዚህ «ካልበላ ይቅር» ብለን በብስኩት ማሳደርም መልስ አይደለም። ማስገደድም አይሠራም፤ መተውም አይበቃም። የሚቀረው ልጁ ሊበላው የሚችለውን አድርጎ ማብሰል ነው።

ለምን ቀላል እራት?

አንድ ነገር በግልጽ እንነጋገር። እናት ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሽንኩርት ስታቁላላ፣ ዶሮ ስትበልትና ስታጥብ ቆይታ፣ ውድ ዋጋ የተከፈለበትን ወጥ ስታቀርብ ልጁ ሲገፋው ይቆስላታል። ቁጣው የሚመጣው ከድካሙና ከወጪው ነው። ልጁ የገፋው በርበሬውን ነው፤ እሷ ግን ድካሟን የገፋባት ይመስላታል። በ40 ደቂቃ የደረሰ እራት ቢገፋ ግን ያን ያህል አይከነክንም። ቀላል እራት ለልጁ ሆድ ብቻ ሳይሆን ለእኛ ትዕግሥትም መድኃኒት ነው። ዶሮ ወጡ ለዒድና ለእንግዳ ይቆየን።

ከቤቶቻችን ያየናቸውን ሦስት ዓይነት እንንገራችሁ። ሁሉም ለአምስት ሰው ግማሽ ኪሎ አጥንት የሌለው ዶሮ ይበቃቸዋል፤ የሁለት ሰው ምግብ ለሦስት እንደሚበቃ የተማርን ሕዝቦች ነን። የሐበሻ ዶሮ ሥጋው ጠንካራ ስለሆነ ብዙ ይቆያል፤ ለእንዲህ ያለው የሥራ ቀን የፈረንጅ ዶሮ ይቀላል። ተቆርጦ ታሽጎ የሚሸጠውን ስትገዙ ግን ማን እንዳረደው ጠይቁ፤ ማፈር አያስፈልግም።

1. አልጫ ዶሮ በድንች። አንድ ትልቅ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፋችሁ በዘይት አብስሉ። የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ጨምሩ። ዶሮውን ልጅ በአንድ ጊዜ ሊጎርሰው በሚችለው መጠን ቆርጣችሁ አስገቡና ጥቂት አገላብጡት። ሁለት ድንችና አንድ ካሮት፣ ሁለት ብርጭቆ ውኃ፣ ጨው። ከድናችሁ በመካከለኛ እሳት 25 ደቂቃ ያህል ተዉት። ለአዋቂዎች የሚያቃጥል ካስፈለገ ዳጣ ወይም ሚጥሚጣ ለብቻው ይቅረብ። አንድ ድስት፣ ሁለት ጣዕም፤ ለልጁ የተለየ ምግብ አልተሠራም፣ አዋቂውም አልተከለከለም።

2. ሩዝ በዶሮ። ከዓረብ አገር የተመለሱ እህቶቻችን ይህንን በደንብ ያውቁታል፤ ድሬዳዋና ሐረር ያሉ ቤቶችም እንዲሁ። ሽንኩርቱን ቀላ እስኪል ጥበሱት፤ ሁለት ፍሬ ሄል፣ ትንሽ ቀረፋ፣ አንድ የተፈጨ ቲማቲም ጨምሩ። ዶሮውን አስገብታችሁ 10 ደቂቃ አብስሉ። ሁለት ብርጭቆ የታጠበ ሩዝ፣ አራት ብርጭቆ የፈላ ውኃና ጨው ጨምራችሁ ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሱ፤ ከድናችሁ 20 ደቂቃ ሳትነካኩት ይቆይ። ለልጁ ስታወጡ ሄሉንና ቀረፋውን ልቀሙለት። ብዙ ልጅ ሩዙ ጣፍጦት እያለ ሄል ጥርሱ ሥር ሲገባ ነው የሚያቆመው።

3. የተፈተፈተ ዶሮ በቂጣ። ዶሮውን በጨውና በነጭ ሽንኩርት ቀቅላችሁ በእጅ በቀጭኑ ፈትፍቱት። መጥበሻ ላይ በጥቂት ቅቤ አሙቁት። በስስ ቂጣ ወይም በዳቦ ጠቅልላችሁ ከጎኑ እርጎ አስቀምጡ። የቀቀላችሁበትን ውኃ አትድፉት፤ አጃ ጨምራችሁ ሾርባ አድርጉት። ልጆቻችን ሾርባን ከረመዷን ኢፍጣር ጋር ስለሚያውቁት ሲቀርብላቸው ደስ ይላቸዋል። ሳምቡሳ ለሚወድ ልጅም ይኸው የተፈተፈተ ዶሮ ሳምቡሳ ውስጥ ይገባል።

ጥንቃቄ አትርሱ። ጥሬ ዶሮ የነካ ቢላዋና መክተፊያ ሳይታጠብ ለሰላጣ አይዋል። ሥጋው ውስጡ ሮዝ ቀለም ካለው ወይም የሚወጣው ውኃ ካልጠራ አልበሰለም፤ መልሱት። ለትንንሾቹ አጥንቱን በደንብ ልቀሙ፤ የዶሮ አጥንት ቀጭን ነው፣ ያንቃል። የተረፈውን ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አታቆዩት።

ከቀረበ በኋላስ?

ኤለን ሳተር የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ምግብ ባለሙያ ሥራውን በወላጅና በልጅ መካከል ትከፍለዋለች፤ ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስነው ወላጅ ነው፤ ይብላ አይብላ፣ ምን ያህል ይብላ የሚወስነው ልጁ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ እንገለብጠዋለን። «ዛሬ ምን ይሠራልህ?» ብለን ምርጫውን ለልጁ እንሰጣለን፤ ከዚያ የሠራነውን «ጨርስ!» ብለን ሆዱን እናዝበታለን።

ዑመር ኢብኑ አቢ ሰለማ (ረ.ዐ) በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ያደገ ልጅ ነበር። ሲበላ እጁ በሰሃኑ ዙሪያ ይዘዋወር ነበር። የአላህን ስም እንዲጠራ፣ በቀኙ እንዲበላ፣ ከፊቱ እንዲበላ አስተማሩት። ሦስት አጭር ትምህርት፤ ሕይወቱን ሙሉ እንዲያ በላ። ልብ በሉ፤ ስለ አደቡ ነገሩት እንጂ «ካልጨረስክ አትነሳም» አላሉትም።

አነስ (ረ.ዐ) ደግሞ ዱባን የወደደው ማንም «ብላ» ብሎት አይደለም። አንድ ልብስ ሰፊ በጋበዛቸው ማዕድ ላይ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከሰሃኑ ዱባውን እየፈለጉ ሲበሉ አየ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዱባ ወዳድ ሆነ። ልጅ የሚወደው የሚወደው ሰው ሲበላ ያየውን ነው። ስለዚህ አብረን እንብላ። እኛ ስልካችንን እያየን፣ ልጁን ካርቱን ከፍተን እያጎረስነው ከማን አይቶ ይማር?

ሰሃኑ ላይ በጣም ጥቂት አድርጉ፤ ሁለት ቁራጭ ዶሮና ከጎኑ እንደሚበላው የምታውቁት ነገር፣ ዳቦ ወይም ድንች። ከወደደ ይጨመርለታል። ካልበላ «እሺ፣ አልሐምዱሊላህ በል» ብላችሁ አንሱት። በኋላ ብስኩት አይተካለትም። በሌላ ቀን ደግሞ ይቀርብለታል። ያለ ጭቅጭቅ።

«ማቀማጠል ነው» ለሚሉን

ታላላቆቻችን «እኛ የተሰጠንን በልተን ነው ያደግነው» ይሉናል። እውነታቸውን ነው። ግን ያኔ በየበሩ ብስኩት የሚሸጥ ሱቅ አልነበረም፤ ልጁም ከወንድም ከእህቱ ጋር በአንድ ገበታ ዙሪያ እያየ ነው የበላው። እኛም የምንለው ይህንኑ ነው፤ ወደ አንድ ገበታ እንመለስ። ከበርበሬው በፊት ቀንሶ ማውጣት ማቀማጠል አይባልም። ማቀማጠል ማለት ለአምስት ልጅ አምስት ዓይነት ምግብ መሥራት ነው።

«ብክነትስ?» ለሚሉም፤ አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል-አዕራፍ 31ኛው አንቀጽ ብሉ፣ ጠጡ፣ አታባክኑ ብሎ አዟል። ታዲያ የሚባክነው ልጁ ስላልበላ ሳይሆን እኛ የአዋቂ ሰሃን ሞልተን ስለሰጠነው ነው። የጠገበን ልጅ በግድ መጨመርም ከማባከን አያወጣንም፤ ሆዱ ለምግብም ለመጠጥም ለትንፋሽም የሚከፈል መሆኑን እያወቅን።

ከሁሉ በላይ የምንለምናችሁ ግን ይህንን ነው፦ አላህን የማስፈራሪያ ዱላ አታድርጉት። «ካልበላህ አላህ ያቃጥልሃል»፣ «ጂኒ ይመጣብሃል» እየተባለ የሚያድግ ልጅ ስለ ረሕማን የሚያውቀው የመጀመሪያ ነገር ምን ይሆናል? ያልተጠየቀበትን ወንጀል በስሙ እየለጠፍን፣ በኋላ ለሰላት ስንጠራው ለምን ፊቱን እንደሚያዞር እንገረማለን። አላህ በሕፃን ላይ ብዕሩን አንስቷል፤ እኛ ለአንድ ጉርሻ ብለን አንጻፍበት።

ወንድሞች፣ ይህ ለእናንተም ነው

ይህንን ጽሑፍ አንብባችሁ ለሚስታችሁ ልካችሁ ብቻ እንዳትተኙ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቀው ቤተሰባቸውን በማገልገል ላይ እንደነበሩና የሰላት ሰዓት ሲደርስ ወደ ሰላት እንደሚወጡ ተናግረዋል። «ወንድ ማድ ቤት አይገባም» የሚለው ከሱና አልመጣም። ዶሮ መበለት፣ ድንች መላጥ፣ ሥጋ መፈተፈት ከዐስርና ከመግሪብ መካከል የሚያልቅ ሥራ ነው። ያላገባችሁም ሦስቱን እራት ከአሁኑ ልመዱ፤ ለትዳር ከሚዘጋጁ ነገሮች ይህ ርካሹ ነው። ልጁንም አስገቡት፤ ድንቹን ይጠብ፣ ቂጣውን ይጠቅልል። እጁ የነካውን ምግብ ልጅ በቀላሉ አይገፋም።

ዶሮ ለመግዛት አቅም ላልፈቀደላችሁ፤ ያው አልጫ በእንቁላል ይሠራል፣ አላህ በጥቂቱም በረካ ያደርጋል። የጎረቤት ልጅ የወጡ ሽታ ከደረሰው ደግሞ አንድ ጭልፋ ቀንሱለት።

በመጨረሻ፤ ልጃችሁ ክብደቱ ከቀነሰ፣ ሲበላ የሚያስታውክ ወይም የሚታነቅ ከሆነ፣ ወይም የሚበላው ከሁለት ሦስት ዓይነት ካላለፈ ሩቅያችሁን ቅሩና ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሰበብ ማድረስም ከተወኩል ነው።

አላህ ማዕዳችንን የበረካ፣ ቤታችንን የእዝነት፣ ልጆቻችንን የዐይን ማረፊያ ያድርግልን። ኣሚን።

ወሏሁ አዕለም። ልጅ ለሚያሳድጉ ወዳጆቻችሁ አድርሷቸው።